በሁለት ጣሳ የመጣው ጎማ

ቅርጽን መቅዳት ከጽሑፍ ይቀድማል። የመዳብ ሠራተኞች በሰም የቀረጹትን ምስል በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን በእሳት አቅልጠው ካፈሰሱት በኋላ በባዶው ቦታ የቀለጠ ብረት መሙላት ከጀመሩ ከ5,000 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከኢትዮጵያ የመጾርና የእጅ መስቀሎች ብዙዎቹ የወጡትም በዚሁ ስልት ነው። ስልቱ የጥፍር ጭረት ሳያስቀር ይቀዳል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሰሙ ይቀልጣል፣ ጭቃውም ይሰበራል። ሁለተኛ መስቀል የፈለገ ሰው ሁለተኛ ሰም ከመቅረጽ አያመልጥም።

አንዱን ቅርጽ ደጋግሞ ለማውጣት ፎርማው ራሱ መትረፍ አለበት። በአውሮፓ ይህን ሥራ ለረጅም ዘመን የተሸከመው ጄሶ ነበር። ጄሶ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይበጠበጣል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋል። ከረጋ በኋላ ግን አይታጠፍም። ፊት ብቻ ያለውን ሜዳልያ ለመቅዳት ይህ ችግር አይደለም፤ የተጠቀለለ ጸጉር፣ ከትከሻ የተላቀቀ እጅ፣ ወደ ውስጥ የገባ የልብስ እጥፋት ያለበትን ሐውልት ለመቅዳት ግን ደረቅ ፎርማ ሐውልቱን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሙዚየም ባለሙያዎች አንዱን ሐውልት በአሥር በሃያ ቁራጭ እየከፋፈሉ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በየራሱ አቅጣጫ እንዲወጣ አድርገው ይቀዱት ነበር። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል። በቅጂው ላይ የሚቀረውን የመገጣጠሚያ መስመር መፋቁ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር።

የሚታጠፍ ፎርማ ፍለጋው የተጀመረው ከዚህ የተነሳ ነው። ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣው ጄላቲን በሙቅ ፈስሶ ሲበርድ ይረጋል፣ ከጎድጓዳውም ተለጥጦ ይወጣል። ጄሶ ሲረጋ የሚያወጣው ሙቀት ግን ያለሰልሰዋል፤ ጥቂት ቅጂ ከሰጠ በኋላ ጠርዙ ይሟሟል፣ ውሎ ሲያድርም ደርቆ ይኮማተራል። ቻርልስ ጉድይር በ1839 የተፈጥሮ ጎማን በድኝና በሙቀት ማጠንከር ከቻለ በኋላ ጎማም ወደዚህ ሥራ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በድኝ የሚጠነክረው ጎማ ምድጃና መጫኛ ይፈልጋል። ፈሳሹ የጎማ ወተት ደግሞ በብሩሽ ስስ ስስ እየተቀባ፣ እያንዳንዱ ንብር እስኪደርቅ እየተጠበቀ ቀናት ይወስዳል፤ ውኃው ሲወጣም መጠኑ ይቀንሳል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ቀልጦ የሚፈስ ፕላስቲክም ቢሆን ከነትኩሳቱ ስለሚፈስ የሰም ምስል አይችለውም። የጠፋው ቁስ አንድ ነበር፦ ፈሳሽ ሆኖ የሚገባ፣ ያለ እሳት የሚረጋ፣ ሳይጣበቅና ሳይኮማተር የሚወጣ።

ይህ ቁስ የተገኘው ቅርጽ ከሚያወጡ ሰዎች እጅ አይደለም። መነሻው አሸዋ ነው። ስዊድናዊው የንስ ያኮብ በርዜሊየስ በ1824 ሲሊከንን ከውሁዶቹ ለይቶ አወጣ። በ1863 በፓሪስ ሻርል ፍሪዴልና ጄምስ ክራፍትስ ሲሊከንን ከካርቦን ጋር ያስተሳሰረ የመጀመሪያውን ውሁድ ሠሩ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ለ40 ዓመት ገደማ የሙጥኝ ብሎ የያዘው በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም የኬሚስትሪ መምህር የነበረው ፍሬድሪክ ስታንሊ ኪፒንግ ነው። ኪፒንግ በዘርፉ ከ50 በላይ ጽሑፎች አሳተመ፤ ለእነዚህ ውሁዶች ሲሊኮን የሚለውን ስም ያወጣላቸውም እሱ ነው። የፈለገው ንጹሕና በወግ የሚረጋ ክሪስታል ሲሆን በብልቃጡ ግርጌ ደጋግሞ የሚቀረው ግን የሚያጣብቅ ዝቃጭ ነበር። በ1936 ሥራውን ሲያጠቃልል ዘርፉ በቅርብ ጊዜ ትልቅ እመርታ ያሳያል የሚል ተስፋ እንደሌለው ገለጸ። ኋላ ኢንዱስትሪ የተገነባበት ያ ዝቃጭ መሆኑ ይህን ቃሉን በኬሚስትሪ ታሪክ ውስጥ ከታዩት የተሳሳቱ ትንቢቶች አንዱ ያደርገዋል፤ ኪፒንግ ግን እስከ 1949 ስለኖረ የተነበየው ሳይሆን መቅረቱን በዓይኑ አይቷል።

ዝቃጩን በሌላ ዓይን ያዩት የመስታወት ሰዎች ነበሩ። በአሜሪካ የኮርኒንግ መስታወት ፋብሪካ በ1930ዎቹ ከመስታወት ክር የኤሌክትሪክ መከለያ ጨርቅ ለመሥራት ይሞክር ነበር። ክሩ ሙቀት ይችላል፤ የሚነከርበት ሙጫ ግን ይቃጠላል። የፋብሪካው ኬሚስት ፍራንክሊን ሃይድ የኪፒንግን ውሁዶች ለዚህ ሙጫነት አዋላቸው። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰዎች በ1938 ኮርኒንግን ጎብኝተው ይህን ካዩ በኋላ የራሳቸውን ምርምር ጀመሩ። ዩጂን ሮኮው የተባለው ወጣት ኬሚስት ግንቦት 10 ቀን 1940 የሲሊከንን ዱቄት ከመዳብ ጋር አሙቆ ሜቲል ክሎራይድ የተባለ ጋዝ አሳለፈበትና የሲሊኮን ጥሬ ዕቃ በቀጥታ አገኘ። በጀርመን በድሬስደን አቅራቢያ ሪቻርድ ሙለር በዚያው ሰሞን ስለ ሮኮው ምንም ሳያውቅ እዚያው ደረሰ። የዓለም የሲሊኮን ምርት ከሞላ ጎደል ዛሬም የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ጦርነቱ የቀረውን አፋጠነው። ዳው ኬሚካልና ኮርኒንግ በ1943 በሚሺጋን ዳው ኮርኒንግን በጋራ አቋቋሙ፤ የመጀመሪያ ምርቱም በከፍታ ላይ የሚበሩ አውሮፕላኖችን የእሳት ማስነሻ ሽቦ ከእርጥበት የሚጠብቅ ቅባት ነበር። በ1944 የሲሊኮን ጎማ ለባሕር ኃይል መብራቶችና ለቢ-29 አውሮፕላን ሞተር መግጠሚያዎች ዋለ። ንጹሕ የሲሊኮን ጎማ ለብቻው ደካማ ነው፤ ጎትተው ይበጥሱታል። በጀርመኑ ደጉሳ ኩባንያ በ1942 የተፈለሰፈው፣ ከጭስ የረቀቀ የሲሊካ ዱቄት ሲቀላቀልበት ግን ጥንካሬው ከአሥር እጥፍ በላይ ይጨምራል። ጎማው ከአሸዋ መጣ፣ አጽኚውም አሸዋ ሆነ ማለት ይቻላል።

ይህ የመጀመሪያ ጎማ ግን ለቀራፂ አይጠቅምም ነበር። እንደ ሊጥ ወፍራም ነው፤ ከፐሮክሳይድ ጋር ተዳምጦ፣ በመጫኛ ተጭኖና ከ100 ዲግሪ በላይ ጋሎ ካልሆነ አይረጋም። ሰም ይቅርና የሸክላ ጭቃ ምስልም ያንን ግፊት አይችልም። የዚህ ጎማ ቀጣይ ታሪክ እንግዲህ ከጎማው ይልቅ የማጠንከሪያው ታሪክ ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ በአሜሪካ ዳው ኮርኒንግና ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ በጀርመን ቡርግሃውዘን ደግሞ በሲግፍሪድ ኒትሸ የሚመራው የዋከር ቡድን፣ በክፍል ሙቀት የሚረጋውን ሲሊኮን ይዘው ብቅ አሉ። ምስጢሩ መለየት ነበር። በአንዱ ጣሳ ውስጥ ጫፎቹ ክፍት የሆኑ ረጃጅም የሲሊከንና የኦክስጅን ሰንሰለቶች በዱቄት ተቀላቅለው ይቀመጣሉ፤ በትንሿ ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ ሰንሰለቶቹን የሚያያይዘው ሲሊኬትና ሥራውን የሚያስጀምረው የቆርቆሮ ውሁድ፣ ማለትም ቤት የሚከደንበት ሳይሆን ቲን የሚባለው ብረት ውሁድ፣ ይገባሉ። ለብቻ ለብቻቸው ወራት ይቀመጣሉ። ሲገናኙ ግን ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። የሚረጋበትን ሰዓት የሚወስነው ከእንግዲህ ምድጃው ሳይሆን ሠራተኛው ሆነ።

በቀራፂዎችና በነሐስ አቅላጮች ቤት ሥራው ብዙም ሳይቆይ ወግ ያዘ። ኦሪጅናሉ ውኃና ዘይት የሚመጥ ከሆነ አስቀድሞ በቫርኒሽ ወይም በሰም ይደፈናል፤ ሲሊኮን ከራሱ በቀር በብዙ ነገር ላይ ባይጣበቅም በተቦረቦረ ድንጋይና እንጨት ውስጥ ሰርጎ ይያዛል። ኦሪጅናሉ በሣጥን ውስጥ ይቆማል። ጎማው በሚዛን ይለካል፤ ለ100 ግራም ጎማ ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 10 ግራም ማጠንከሪያ ይገባል። ከጣሳው ግድግዳና ግርጌ እየተፋቀ በደንብ ይማሰላል፤ በማዕዘን ተጣብቆ ያልተማሰለ ጎማ በፎርማው ላይ የማይደርቅ ቁስል ይተዋል። ከዚያ ከፍ ካለ ቦታ፣ እንደ ማር በቀጭኑ እየወረደ፣ በሣጥኑ አንድ ጥግ ብቻ ይፈስሳል። መውረዱ እየቀጠነ ሲሄድ አየሩ ይፈነዳል፤ ፈሳሹም ከታች ወደ ላይ እየሞላ የቀረውን አየር ፊት ፊት ይገፋል። ለሥራው ያለው ጊዜ በአብዛኛው ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው። ፎርማው ከኦሪጅናሉ የሚላቀቀው በማግስቱ ነው።

ለትልቅ ሐውልት ሣጥን ሙሉ ጎማ ማፍሰስ ኪስ ያራቁታል። በዚህ ጊዜ ጎማው በሚያወፍር ቅመም ተወፍሮ በብሩሽ ንብር በንብር ይቀባና በላዩ የጄሶ ወይም የፋይበር ግላስ ደረቅ ቅርፊት ይደረግለታል። ጎማው ዝርዝሩን ይይዛል፣ ቅርፊቱ ቅርጹን። ሁለት ግማሽ ያለው ፎርማ ሲሠራ መጀመሪያ የረጋው ግማሽ ፊቱን ቫዝሊን ይቀባል። ይህን የረሳ ሰው ሁለቱ ግማሾች አንድ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ከቢላዋ በቀር የሚለያቸው የለም። በዚህ መንገድ በአሥርና በሃያ ቁራጭ ጄሶ ይቀዳ የነበረው ጸጉርና እጥፋት በሁለት ቁራጭ ጎማ መውጣት ቻለ። በፎርማው ውስጥ ሰም፣ ጄሶ፣ ፖሊስተር፣ አንዳንዴም በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጥ የቆርቆሮ ቅይጥ ይፈስሳል።

የቆርቆሮው ስልት ሁለት ጉድለት ነበረበት። ሰንሰለቶቹ ሲያያዙ አልኮል ይለቃሉ፤ አልኮሉ ሲተን ጎማው ይኮማተራል። ኩምትርታው እንደ ዓይነቱ ከመቶ አንድ እጅ በታች ቢሆንም ለማሽን ክፍል ወይም ለጥርስ ይህ ብዙ ነው። ሁለተኛው ጉድለት ቆርቆሮው ከረጋ በኋላም ሥራውን አለማቆሙ ነው። በመጋዘን የተቀመጠ ፎርማ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል ወይም ይላላል። ለሙዚየም የፎርማ ክምችት ይህ ከኩምትርታውም የባሰ ነበር።

መልሱ በሌላ መደርደሪያ ላይ ነበር። የዳው ኮርኒንጉ ጆን ስፓየርና ባልደረቦቹ በ1957 ጥቂት የፕላቲነም ውሁድ ሃይድሮጅን የያዘ ሲሊኮንን ድርብ ማሰሪያ ካለው ሌላ ሞለኪውል ጋር በቀላሉ እንደሚያጣምር አሳተሙ። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ብሩስ ካርስቴት ያዘጋጀው፣ በሲሊኮን ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟው የፕላቲነም ውሁድ በ1973 የፈጠራ መብት አገኘ። በዚህ ስልት ሁለቱ ክፍሎች እርስ በርስ ይደመራሉ እንጂ የሚለቁት ነገር ስለሌለ ኩምትርታው ከመቶ አንድ አሥረኛ እጅ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። ፎርማው ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ ጎማው ሙቀት ሲያገኝም በሰዓት ፋንታ በደቂቃ ይረጋል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ አንድ ለአንድ ወይም አሥር ለአንድ ነው። ለማፍጠን ብሎ ማጠንከሪያ መጨመር ግን እዚህ አይሠራም፤ ከሁለቱ አንዱ ከበዛ ትርፉ ያልተያያዘ ሆኖ ይቀራል።

ከተጠቀሙበት መካከል የጥርስ ሐኪሞች ይገኛሉ። የቆርቆሮው ሲሊኮን ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጥርስ ልክ ለመውሰድ ሲያገለግል፣ ልኩ ሳይኮማተር ጄሶ እንዲፈስበት ይጣደፉ ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ የፕላቲነሙ ዓይነት ሲመጣ ጥድፊያው ቀረ። በ1980ዎቹ ግን እንግዳ ነገር ገጠመ። የኤችአይቪ ስጋት የጥርስ ሐኪሞችን ሁሉ የላቴክስ ጓንት ባስለበሰበት ሰሞን፣ በእጅ የሚለወሰው የልክ መውሰጃ አልረጋ ይላቸው ጀመር። ምክንያቱ ሲጣራ ጎማው ሳይሆን ጓንቱ ሆኖ ተገኘ። ጓንቱ የሚሠራበት የተፈጥሮ ጎማ የሚጠነክረው፣ ከጉድይር ዘመን ጀምሮ፣ በድኝ ነው፤ የድኝ ውሁድ ደግሞ ፕላቲነሙን ይይዘውና ሥራ ያስፈታዋል። በሺህ የሚቆጠር ሞለኪውል ማያያዝ የሚችል አንድ የፕላቲነም አቶም በአንድ የድኝ ውሁድ ይታሰራል። ቀራፂዎችም ድኝ ካለበት የመቅረጫ ጭቃ ላይ ያፈሰሱት ውድ ጎማ በማግስቱ እንደ ሙጫ ሲጣበቅባቸው ይህንኑ ትምህርት ከፍለው ተማሩት። ቆርቆሮ፣ አሚንና አንዳንድ ያልደረቀ ቀለምም እንደዚሁ ያደርጋሉ። በቆርቆሮ የረጋ አሮጌ ፎርማ ውስጥ አዲስ የፕላቲነም ሲሊኮን የሚያፈስም አይሳካለትም።

በዚያው ዘመን ጎማው ወደ ቅሪተ አካል ጥናትም ዘለቀ፤ ይህኛው ምዕራፍ ኢትዮጵያንም ይነካል። በ1978 አለን ዎከርና ባልደረቦቹ በሰሬንጌቲ የሚኖሩ ሁለት ዓይነት ሽኮኮዎችን ጥርስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምረው፣ ሣር በሊታው ቅጠል ከሚበላው በጥርሱ ላይ ባለው ረቂቅ ጭረት እንደሚለይ አሳዩ። ዘዴው ለጥንታዊ የሰው ዘር ጥርስ እንዲያገለግል ቅጂ ያስፈልግ ነበር፤ በዓለም አንድ ብቻ የሆነን ቅሪት ከሙዚየም አውጥቶ፣ በብረት ለብጦ አየር በሌለበት ክፍል መክተት አይቻልምና። ተመራማሪዎች የጥርስ ሐኪሞቹን ሲሊኮን ወስደው በቅሪቱ ላይ በመቀባት ልኩን ያነሳሉ፣ በልኩ ውስጥ ኤፖክሲ ያፈስሳሉ፣ ማይክሮስኮፑ የሚያየውም ኤፖክሲውን ነው። ጎማው ከአንድ ሺህኛ ሚሊ ሜትር ያነሰውን ጭረት ስለማይስት በሐዳርና በላይቶሊ የተገኙት የአውስትራሎፒተከስ አፋረንሲስ ጥርሶች በዚህ መንገድ ተጠንተዋል፤ ውጤቱ በ2006 ሲታተም ዝርያው ጠንካራ ፍሬ አዘውትሮ ይሰብር እንደነበር የሚያሳይ ምልክት አልተገኘበትም። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ የዚሁ ዝርያ ናት። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ለጎብኚ የቆመው አጽሟ ቅጂ ሲሆን እውነተኛው አጥንት በሙዚየሙ ውስጥ ተቆልፎ ይጠበቃል።

የፋብሪካው ዓለም የዘገየው እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ቸክ ሃል በ1986 መብቱን ያስመዘገበው የሦስት አውታር ኅትመት ለአዲስ ዕቃ አንድ ናሙና በቀናት ውስጥ ሰጠ፤ ገበያ ለመሞከር ግን ሃያ ናሙና ያስፈልጋል። ግልጽ በሆነ የፕላቲነም ሲሊኮን ናሙናውን ከብቦ፣ በቫኪዩም ክፍል አየሩን መጥጦ፣ ጎማውን በስለት ለሁለት ከፍሎ በውስጡ ፖሊዩሪቴን ማፍሰስ የተለመደ ሆነ። ቫኪዩም ሲሳብ ጎማው በእቃው ውስጥ ሦስት አራት እጥፍ ነፍቶ ተመልሶ ይወድቃል፤ እቃው ሰፊ ካልሆነ ወለል ላይ ይገነፍላል። አንዱ ፎርማ ሃያ ያህል ቅጂ ከሰጠ በኋላ በፖሊዩሪቴኑ ተበልቶ ይጣላል።

በሌላ በኩል በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የጆርጅ ዋይትሳይድስ ቤተ ሙከራ በ1990ዎቹ ፎርማውን ወደማይታይ መጠን አወረደው። ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸፈኛ ተብሎ ይሸጥ የነበረውን ሲልጋርድ 184 የተባለ አሥር ለአንድ የሚቀላቀል ሲሊኮን፣ የማይክሮ ቺፕ ሥዕል በተቀረጸበት የሲሊከን ሰሌዳ ላይ አፍስሰው ሲያነሱት ከጸጉር የቀጠኑ ቦዮች በጎማው ላይ ቀሩ። በ1998 ቡድኑ ስልቱን ሲያሳትም ጎማው በፎርማነት ብቻ ሳይሆን በዕቃነትም መጣ፤ በጥቂት ጠብታ ደም ወይም ኬሚካል ላይ ምርመራ የሚያደርጉ ቁርጥራጭ ጎማዎች በብዙ ዩኒቨርሲቲ ተስፋፉ። ከአሸዋ የወጣው ጎማ ከአሸዋ በወጣ ሰሌዳ ላይ ተመልሶ መፍሰሱ ነበር። ይኸው ቤተ ሙከራ በ2011 በአየር ግፊት የሚራመድ አጥንት አልባ ሮቦት አሳየ፤ ገላው የፊልም ሜካፕ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ በጣም ለስላሳ የፕላቲነም ሲሊኮን ነበር።

ሕግም ከኋላ ደረሰ። ከቆርቆሮ ማጠንከሪያዎች ዋናው፣ ዲቡቲልቲን የተባለው ቤተሰብ፣ የመራቢያ ጤናን ይጎዳል ተብሎ የተፈረጀ ስለሆነ የአውሮፓ ኅብረት ለሕዝብ በሚሸጡ ውሁዶች ውስጥ መጠኑን ከጥር 2012 ጀምሮ ገደበ፤ ለሁለት ክፍል የሲሊኮን ማሸጊያና ማጣበቂያ የተሰጠው ጊዜ እስከ 2015 ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምግብ ፎርማም ሆነ ቆዳ የሚነካ ሥራ ወደ ፕላቲነም አዘንብሏል። ለቸኮሌትና ለከረሜላ የቆርቆሮ ሲሊኮን መጠቀም ያኔም ሆነ ዛሬ ትክክል አይደለም።

ፕላቲነሙ ግን ሁሉን አላሸነፈም። በየቤቱ የገባው ርካሽ የሬዚን ማተሚያ የሚያወጣው ዕቃ ላዩ ላይ ያልረጋ አክሪሌት ስለሚተርፈው ፕላቲነሙን ልክ እንደ ድኝ ያግደዋል። ዕቃው በአልኮል ታጥቦ፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ደጋግሞ ደርቆና በቫርኒሽ ተሸፍኖ እንኳ ጎማው አንዳንዴ እንደተጣበቀ ያድራል። ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ ከማፍሰሱ በፊት በማይታይ ጥግ ላይ አንድ ጠብታ አስቀምጦ ያሳድራል። ጠብታው ካልረጋ ምርጫው ግልጽ ነው፤ ቢኮማተርም፣ ዕድሜው ቢያጥርም፣ የ1950ዎቹ የቆርቆሮ ሲሊኮን ብዙም ገጽ ሳይመርጥ ይረጋል።